የጠቆረው ድሪ

እናታቸው አልጋ ከያዙ ወዲህ ነው አንጥረኛዋን ወንድሟ የእናታቸውን የብር ድሪ ፎቶ ያሳያት። «ልክ እንዲህ ያለ አሮጌ የሚፈልግ ደንበኛ አግኝቻለሁ፤ ሥሪልኝ» አላት።

ብር የተቀባ የመዳብ ሽቦ ጠምዝዛ ሠራችው። አሮጌ እንዲመስል ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር ክዳን ባለው ዕቃ አፍና አጠቆረችው። ጎላ ጎላ ያለውን ቦታ እንዲያበራ ስትወለውል ግን መቆለፊያው ላይ አበዛችውና ብሩ ተላጠ፤ ቀዩ መዳብ ብቅ አለ።

«ተበላሸብኝ፤ ልድገመው።»

«ማንም አያየውም» ብሎ ወሰደው።

በእናታቸው አርባ ማግስት አክስቷ የእናታቸውን ሳጥን ከፈቱ። «ያንቺ ድርሻ የእናትሽ ድሪ ነው። እንኪ ልጄ፣ የድሮ ሰው እጅ እኮ ሌላ ነው!» አሏት።

ልታስረው መቆለፊያውን ገለበጠችው። ቀይ ነው።

«እሰሪው እንጂ» አለ ወንድሟ፣ ሳያያት።