ሰዓቱን አውልቀሽ ታጠቢ

ጌጤ ልጇን መጠርጠር የጀመረችው በሻወር ምክንያት ነው።

ሠናይት ከመድኃኒት ቤት ሥራዋ መጥታ ልትታጠብ ስትገባ ስልኳን አልጋ ላይ ጥላ ትሄዳለች። አዲሱን ስማርት ሰዓቷን ግን ከእጇ አታወልቅም። በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ይለቀቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ከውሃው ድምፅ መሀል ሳቅ ይሰማል። በደብረ ታቦር ብርድ ሰው ገላውን ታጥቦ ሮጦ ይወጣል እንጂ ሻወር ውስጥ ቆሞ አይስቅም።

«ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ይዘሽ ውሃ ውስጥ አትግቢ» አለቻት አንድ ቀን።

«ውሃ አይገባውም እኮ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ውጭ ቢቀመጥ ምን ይሆናል?»

ሠናይት ፀጉሯን በፎጣ እያደራረቀች ወደ መኝታዋ ገባች። ጌጤን የከነከናት ይሄ ሽሽት ነው።

ጌጤ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ወላጆቿም አልፈዋል። ወንድም የላት፣ እህት የላት፤ በዚህች ምድር ላይ የኔ የምትለው ሠናይትን ብቻ ነው። ልጅቱ አግብታ ከሄደች ከስፌት ማሽኗ ጋር ተፋጣ መቅረቷ ነው።

ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ሸጠው ወደ ሰዒድ ሱቅ ሄደች።

«ሰዒድ፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ሰዓት ሻወር ይገባል ወይስ አይገባም?»

«ዝናብና እጅ መታጠብ ምንም አይለውም፣ እትዬ ጌጤ። ሙቅ ውሃና ሳሙና ሲደጋገምበት ግን ውሃ የሚከለክለው ጎማ ይበላሻል። ሲታጠቡ ቢያወልቁት ይሻላል።»

ጌጤ ደስ ብሏት ተመለሰች። ስለ ጎማው እንኳ ግድ አልነበራትም።

በማግስቱ ሠናይት ፎጣዋን ስታነሳ የሰዒድን ቃል ጨማምራ ነገረቻት። ይፈነዳል ብሏል አለቻት። ልጅቱ ሳቀች፣ ተከራከረች፣ በመጨረሻ እናቷን ላለማስከፋት ሰዓቱን ፈትታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ገባች።

ውሃው መውረድ እንደ ጀመረ ሰዓቱ ተንቀጠቀጠ። ጌጤ መነጽሯን አጠለቀች። መልእክቱ ከዓለምነው ነው።

«አባቴ ቸኩሏል። ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ? እናትሽ እስከዚያ እንዳትሰማ።»

ጌጤ መልእክቱን ደግማ አነበበችው።

ዓለምነውን ታውቀዋለች። ከሠናይት ጋር መድኃኒት ቤት የሚሠራው የይርጋ ልጅ ነው። ይርጋን ደግሞ ከልጁ ይበልጥ ታውቀዋለች። በጋፋት በኩል የሚኖር፣ ልጁን ያለ እናት ያሳደገ እህል ነጋዴ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሱሪ ይዞ ሲመላለስባት ከርሟል። አንዱን ያጥብቡልኝ፣ ሌላውን ያሳጥሩልኝ ይላል፤ ሰውየው በየሳምንቱ ቁመቱ የሚቀንስ ይመስል። ቶሎም አይሄድም። ሥራዋን ሲያይ ይቆይና ስለ ዝናቡ አንድ ሁለት ነገር ተናግሮ ይወጣል።

ለካ ሱሪው ሰበብ ነው! ለልጁ ቤት ሊያጠና፣ የሙሽራዪቱን እናት ጠባይ ሊሰልል ነው። ደግሞ እሷ ሞኟ ወንበር እየሳበች ታስቀምጠዋለች!

ንዴቷን በሱሪው ተወጣች። ይርጋ ያመጣውን የመጨረሻ ሱሪ ከተለካው በላይ አሳጥራ ሰፋችው። ይርጋ ሊወስድ ሲመጣ ዘርግቶ አየው።

«አጠረብዎት እንዴ?» አለችው ዓይኗን ሳታነሳ።

«የለም፣ የለም። እጅዎ ይባረክ፣ ወይዘሮ ጌጤ።»

በማግስቱ ሱሪውን ለብሶ፣ ቁርጭምጭሚቱ ተጋልጦ በገበያው መሀል ሲያልፍ አየችው። ሰዎች ይስቁበታል፤ እሱ አልሰማቸውም። ለልጁ ሲል ይሄን ሁሉ የሚችል ሰው በቀላሉ እንደማይመለስ ገባትና ፈራችው።

ቤትም ነገሩ ባሰ። ሠናይት ሰዓቱን እንደገና ሻወር ይዛ መግባት ጀመረች። ቅዳሜ ደግሞ አዲስ ነጠላ ገዝታ መጣች።

«ነገ ይሄን ልበሺ።»

«ነገ ምን አለ?»

«ምንም። አምሮብሽ ልይሽ ብዬ ነው።» ልጅቱ ነጠላውን እናቷ ትከሻ ላይ አድርጋ አየቻትና ድንገት፣ «እማዬ፣ እኔ ባልኖር ብቻሽን ትችይዋለሽ?» አለቻት።

ጌጤ ጓዳ ገብታ አፏን በዚያው በአዲሱ ነጠላ ይዛ አለቀሰች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት አያ ደምሴ ናቸው፤ በሰፈሩ የሳቸው ሽምግልና እምቢ ተብሎ አያውቅም።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች ጌጤ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አያ ደምሴ።

ሠናይት ከእናቷ ኋላ ቆማ ሰዓቷን ትነካካለች። ጌጤ ልጅቱ ትምህርቷን ትቀጥላለች፣ ገና ናት የሚል ረጋ ያለ መልስ አዘጋጅታ ነበር። አያ ደምሴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ሁሉም ጠፋባት።

«አባቶቼ፣ አትድከሙ። ለምን እንደመጣችሁ አውቃለሁ። አቶ ይርጋ መልካም ሰው ናቸው፣ ክፉ አልናገርባቸውም። ልጄን ግን አልሰጥም። ከሷ ሌላ ማን አለኝ?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ደምሴ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጌጤን አልፈው ወደ ሠናይት ዞሩ።

«ልጄ፣ እናትሽ ሌላ ዘመድ የላትምና ወዳንቺ ነው የመጣነው፤ እናትሽን ለይርጋ ስጭን።»