የይርዳው የልብ መስመር

ዘንድሮ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለ ስክሪን፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ በመስመር ይሳላል። መስመሩ ካልተቋረጠ እድሩ ድንኳን አይተክልም። የልጄ የይርዳው መርከብ ሰጠመች ብለው የእድሩ ሰዎች ሐምሌ ላይ ሲመጡብኝ፣ «ዓይን የላችሁም? ይኸው ልጄ!» ብዬ ግድግዳውን እያሳየሁ አባረርኳቸው። ከዚያው ሰሞን ጀምሮ መስመሩ ከፍ ዝቅ ማለቱን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄድ ጀመር። እኔም ልጄ ተረጋጋ ብዬ ደስ አለኝ።

ዛሬ ስክሪኑን ልትጠግን የመጣችው ትርሲት፣ ማሽኑ መረጃ የሚጠራበትን፣ «ኬሪ» የሚሉትን ትዕዛዝ እያነበበች ድንገት ዞራ አየችኝ።

«ምነው ልጄ?»

«እትዬ አስካለ፣ ኬሪው መረጃ ሲያጣ የመጨረሻውን ቁጥር እየደገመ ይሞላል።»

«እኔ በሚገባኝ ንገሪኝ እንጂ!»

«ከሐምሌ ወዲህ ከይርዳው ምንም አልመጣም። መስመሩን የሚስለው ማሽኑ ነው።»

«እንግዲያው የልጄን ብቻ አሳዪኝ።»

አስተካከለችው። መስመሩ ሐምሌ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ባዶ ነው። ለካ በየማታው «ደህና እደር» ስል የከረምኩት ለማሽን ነው።

ትርሲት እንባዋን እየጠረገች፣ «እንደነበረ ልመልሰው?» አለችኝ።

«ተይው። ልጄ ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም» አልኳትና ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ።