የጓሮዋ ወፍ ዜና ዕረፍት

የጓሮዋ ወፍ ዛሬ ረፋድ ላይ በቤቱ ድመት ተበልታ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፏ ለሚመለከተው ሁሉ በጥልቅ ሐዘን ይገለጻል። ጉዳዩ የሚመለከታት ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቷ የመለሳት፣ በጋውን አልጋዋ ላይ ሆና ያቺን ወፍ ስትሰማ የከረመች የጡረተኛው አናጢ ሚስት።

አናጢው ላባውን ለቃቅሞ ኪሱ ከተተና ከመስኮቷ ስር፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ተንበርክኮ በወላቃ ጥርሱ ያፏጭ ጀመር። ድመቷ ጢሟን እየላሰች ታዘበችው።

«አንተ!» አለች ሚስቱ ከውስጥ በሰለለ ድምፅ። «ድመቷን እሰራት፣ ወፌን እንዳትበላብኝ።»

«እሺ» እንዳይላት ወፏ ዝም ልትል ነው። ማፏጨቱን ቀጠለ።

ሴት ልጁ የእናቷን አንሶላ ልታሰጣ ብቅ አለች። «አባዬ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ሆነህ ነው?»

«ግቢ» አላት በሹክሹክታ። «አልነግርሽም፤ እናትሽ ትሰማለች።»