የጽዋው ተረኛ

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ የሚካኤልን ጽዋ በነጠላ እንደሸፈነ ወደ ጋሽ ዳኜ አቀረበ። ጽዋውን የተቀበለ የመጪውን ወር ዝክር ይደግሳል። ጋሽ ዳኜ ግን እጃቸውን አልዘረጉም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በቤቱ ጠላ የሚጠምቅ ሴት አልነበረም፤ ተራውን ካልተቀበሉ ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት የማኅበር ቦታ ከቤታቸው መውጣቱ ነበር። «ለሌላ ይለፍ» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ለበዓሉ የመጣው ልጃቸው ደመላሽ ተነሥቶ ጽዋውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«ጠላውንስ ማን ሊጠምቅልህ ነው?» አለች አንዲት ማኅበርተኛ።

«እኔው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «እንግዲያው መቀነትም እናውስህ!» አለችው ሴትዮዋ። ደመላሽ አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ጽዋውን ግን አልመለሰም።

ጋሽ ዳኜ አልሳቁም። «ጌሾውን እኔ እወቅጥለታለሁ» አሉ።