ስንዴ ያልገባበት ቤት

ሰብለ ወንጌል አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ክብደቷ ግን ሠላሳ ስድስት ኪሎ ብቻ። ታናሿ ኪዲ «በአንድ እጄ አነሳታለሁ» እያለች ትፎክራለች። አንድ ቀን እውነትም አንስታ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጠቻትና ኳስ ልታይ ወጣች። ሰብለ እስከ ምሳ ድረስ እዚያው ላይ ተቀምጣ ዋለች።

ፋሲሎ ሰፈር ያለው የአባታቸው የቄስ ቃለ ሕይወት ቤት እንዲህ ነው። ኪዲ ስኳሩ ውስጥ ጨው ትጨምራለች፣ የእንግዳ ጫማ ትደብቃለች፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ የምትስቀው ራሷ ናት።

የሰብለ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣታል፣ ደሟ ያንሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ትል ነው፣ ጨጓራ ነው፣ የሰው ዓይን ነው ሲባል ከረመ። በመጨረሻ ዶክተር ግሩም የሚባል ሐኪም የበሽታውን ስም ነገራቸው። ሴሊያክ።

«ስንዴና ገብስ አንጀቷን እያቆሰለው ነው» አለ። «ጤፍ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ አሳ ትብላ። ሌላ መድኃኒት የለውም። ይህን ከጠበቀች እንደ ማንኛችሁም ትኖራለች።»

«ትንሽ ትንሽስ ብትቀምስ?» አለች እናቷ እናትዓለም።

«የጥፍር ጫፍ የምታህል ፍርፋሪም ትጎዳታለች። ደሟ ከዚህ በታች ከወረደ ደግሞ እኔም አልደርስላትም።»

ቄስ ቃለ ሕይወት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እቤት እንደገቡ የበሶውን ጣሳ፣ የዳቦ ዱቄቱን፣ የገብስ ቆሎውን ሳይቀር አውጥተው ለጎረቤት ሰጡ። የማኅበር ተራቸው ሲደርስም «ጠላ አይጠመቅም፤ ብርዝ ይጠጡ» አሉ። ማኅበርተኛው አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

እናትዓለምም አልተኛችም። ጤፉን ራሷ ትለቅማለች፤ ወፍጮ ቤት ስንዴ ተፈጭቶበት ይሆናል ብላ መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለዶሮዎቹ ትደፋለች። የሰብለ ሳህን ለብቻ፣ ማማሰያዋ ለብቻ ሆነ። ሰብለ ጠዋት ተነስታ አባቷ የሚቀዱላትን ጸበል ትጠጣለች፣ ከዚያ የበቆሎ ገንፎ፣ ምሳ እንጀራ በድንች፣ አንዳንዴም ከጣና ዳር የተገዛ አሳ።

በመጀመሪያው ሳምንት ኪዲ ዳቦ ይዛ መጣች። «የጤፍ ነው፣ ላንቺ ብዬ ነው ያስጋገርሁት» አለች። ሰብለ ደስ ብሏት በላች። የመጨረሻውን ጉርሻ ስትውጥ ኪዲ «ስንዴ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሰብለ ጓሮ ሮጣ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተተች።

«ውሸቴን ነው! ጤፍ ነው! ሰብልዬ፣ በማርያም ጤፍ ነው!» አለች ኪዲ ከኋላዋ እየሮጠች። እውነትም ጤፍ ነበር። የዚያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም፣ እሷም ጭምር።

በሁለተኛው ወር ሰብለ ሠላሳ አራት ኪሎ ገባች። ፀጉሯ እየተነቀለ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ከዚያ ትምህርት ቤት መሄድም ቀረ።

«አንድ ሰው እያበላት ነው» አለ ዶክተሩ።

እናትዓለም እቤት ገብታ ፍራሹን ገለበጠች። ከአልጋው ሥር ፍርፋሪ አገኘች።

«ኪዲ! ነይ ወዲህ! ይኼ ምንድን ነው?»

«ቦምቦሊኖ። እኔ ነኝ የበላሁት።»

«የሰብለ አልጋ ሥር?»

«ፊቷ ብበላ ያምራታል። አልጋ ሥር ገብቼ ነዋ የምበላው። ቁም ሳጥን ላይ ልውጣ እንዴ?»

«ትቀልጃለሽ? እህትሽ እየሞተች ትቀልጃለሽ?»

«አልሰጠኋትም እማዬ! እሷን ጠይቂያታ!»

«ምንም አልሰጠችኝም» አለች ሰብለ ከአልጋዋ ላይ። ድምጿ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«አንቺማ ድሮም ትሸፍኝላታለሽ።»

ኪዲ አለቀሰች። ስታለቅስም ማንም አላመናት፤ ድሮም አስመስላ ማልቀስ ትችልበታለች።

በማግስቱ ኪዲ መራዊ ከተማ፣ አክስቷ ሙሉነሽ ጋ ተላከች። አባቷ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዘው ሸኟት፤ መስቀላቸውን አሳለሟት። «እኔ አንቺ ላይ አልፈርድም ልጄ» አሉ። «እሷ ትዳን እንጂ ሌላው ይቅር።»

ኪዲ ከመራዊ በየቀኑ ትደውላለች። ሌላ ነገር አትጠይቅም።

«ስንት ኪሎ ሆነች?»

«ሠላሳ ሦስት።»

ሳምንት አለፈ።

«ስንት ሆነች?»

«ሠላሳ ሁለት ተኩል።»

በሦስተኛው ሳምንት እናትዓለም ስልኩን አንስታ ቁጥሩን መናገር አቃታት።

«በደልሁሽ ኪዲዬ» አለች። «አንቺ አይደለሽም። ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። ጨዉን ቀየርሁ፣ በርበሬውን ቀየርሁ፣ ድስቱን ሁሉ አዲስ ገዛሁ። ዛሬ ደግሞ ደም ይሰጣት ብለው ሆስፒታል አስተኟት። ምን ላድርግ? እስኪ ምን ልጣል፣ ምን የቀረ ነገር አለ?»

ለኪዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትቀልደው ነገር አልመጣላትም።

ቄስ ቃለ ሕይወት ስልኩን ከሚስታቸው እጅ ተቀበሉ።

«አባባ» አለች ኪዲ፣ «እንዳትሞትብን።»

«አትሞትም ልጄ፣ አይዞሽ። እኔም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥሁም፤ ከቅዳሴ የማመጣውን የተባረከ የስንዴ ዳቦ አድቅቄ ጸበሏ ውስጥ የምጨምርላት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማታም አድርጌላታለሁ።»