የኦስቫልዶ ሐሙሶች

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለእኅቴ ለኢርማ እንኳ። አሁንም ስጽፈው ፊቴ ይቀላል።

ባሌ ኦስቫልዶ ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ሲል ሽቶ ተቀብቶ መውጣት ጀመረ። «ጥርስ ሐኪም ጋ ነው» ይላል።

«ሦስት ወር ሙሉ?» አለች ኢርማ የሥጋ ጥብሷን እየቆረጠች። «አፉ ውስጥ ያለው የአዞ ጥርስ ነው እንዴ? ኔሊዳ፣ አንቺ ሞኝ፣ ሴት ይዟል!»

ሳቅሁ። የእኔ ሳህን ባዶ ስለነበር ተነሥቼ ለእሷ ሰላጣ ጨመርኩላት። ከጠረጴዛው ሥር ውሻችን ቺቾ ያንኮራፋል። እንደ በርሜል ወፍሮ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። የእንስሳት ሐኪሙ ኦስቫልዶን «ደብቀው የሚያበሉት እርስዎ ነዎት!» ብሎ ሲቆጣው እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ።

«ሐሙስ ተከተዪው» አለች ኢርማ። «እምቢ ካልሽ እኔ እሄዳለሁ። እኔ ከሄድኩ ደግሞ ሠፈሩ በሙሉ ይሰማል።»

ሄድኩ። የቦይነስ አይረስ ጥር አስፋልት ያቀልጣል። እኔ ወፍራም ሹራቤን እንደለበስኩ፣ የኢርማን ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ አድርጌ፣ ከዛፍ ዛፍ እየተሸጎጥኩ ተከተልኩት። ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት!

«እመቤቴ፣» አለኝ አንድ ጋዜጣ ሻጭ፣ «መነጽሩስ ደህና ነው፤ የሚያሳብቅብዎ ሹራቡ ነው።»

ኦስቫልዶ ዳቦ ቤት ገብቶ ሜዲያሉና ገዛ፤ ልጅ ሳለሁ የምሞትላትን፣ ቅቤ የጠገበች ጣፋጭ ዳቦ። ለእሷ! ከዚያ አንድ ፎቅ ቤት ገባ። ተከትዬው ወጣሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የገባበት በር ገርበብ ብሎ ነበር።

«አይዞህ፣ ኦስቫልዶ» አለች አንዲት ሴት፣ ድምፅዋ ማር። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ።

«እወዳታለሁ» አለ ባሌ። «ግን ዓይኔ እያየ እያጣኋት ነው።»

«እንደምታውቅባት ታውቃለች?»

«ኧረ አታውቅም!»

«የኔዪቱም እንዲሁ ናት» አለ ሌላ፣ የሽማግሌ ድምፅ። አጮልቄ አየሁ። ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ሜዲያሉናው መሐል ላይ ነው።

«አትቆጧቸው» አለች ሴትዮዋ። «ምግብ እምቢ ማለታቸው ሕመም እንጂ እልህ አይደለም። ብዙዎች ታክመው ድነዋል። አብራችኋቸው ብሉ፤ ጉርሻቸውን ግን አትቁጠሩባቸው። መታከም ሲፈልጉ የእኔ በር ክፍት ነው።»

ኮቴዬን አጥፍቼ ደረጃውን ወረድኩ። ኢርማን «እውነትም ጥርስ ሐኪም ነው» አልኳት።

በማግሥቱ ጠዋት ኦስቫልዶ አንድ ሜዲያሉና ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሳህኔ ላይ አኖረና ጋዜጣው ውስጥ ተደበቀ። ቺቾ እንደ ወትሮው መዳፉን ጉልበቴ ላይ ጫነ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጠረጴዛው ሥር ከሳህኔ ሲደርሰው የኖረውን ድርሻ፣ ያን ቀን እኔ በላሁት።