ቀይ ክር የታሰረባት ማገናኛ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፣ ልጆቼ። ኮምፒውተር ጠጋኙ የአክስቱን አሮጌ ማሽን ከፍቶ ግራ ገብቶት ነበር። ሃርድ ዲስኩ ደህና፣ ገመዱም ደህና፤ ታዲያ የሟች ባሏ ደብዳቤ ስክሪኑ ላይ አንድ አንድ ቃል እየተንጠባጠበ የሚመጣው ለምንድን ነው? በመጨረሻ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት፣ ምስር የምታህል፣ ፍጥነቱን የምትገድብ ማገናኛ አየ። ማሽኑን አጥፍቶ ነቀላትና መልሶ አበራው። ደብዳቤው ባንዴ ስክሪኑን ሞላው።

«ይኸው አክስቴ፣ ፈረስ አደረግኩልሽ!»

አክስቱ ግን ቃሉን የምትከተልበትን ጣቷን ስክሪኑ ላይ እንደቀሰረች ቀረች። «ጠፋብኝ፤ የቱ ጋ ነበርኩ?»

«ምነው፣ ፈጠነልሽ እኮ!»

«ያቺን ባለ ቀይ ክር ማገናኛ እዚያ ያሰራት ባሌ ነው። ማንበብ ሲያስተምረኝ፣ ‹ቃሉ ይጠብቅሽ እንጂ አንቺ አታሳድጂው› ብሎ።»

ጠጋኙ ማገናኛዋን ከነክሯ መለሳት። ቃሉ አንድ ባንድ መጣ፤ ጣቷም ተከተለው። እናንተም ሰው ለመርዳት ስትቸኩሉ፣ ያቺን ጣት አስታውሱልኝ።